ዙሩን ማን ይቁጠር?

እ.ኤ.አ. በ1981 ማድሪድ ውስጥ፣ በአንድ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ፣ የኢትዮጵያ ቡድን በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሯጮቹ ከፊት ተሰብስበው ውድድሩን እንደ ልባቸው ሲያሾሩት ቆዩና በድንገት ተፈተለኩ። ያላቸውን ጉልበት ሁሉ አራግፈው መስመሩ ጋ ሲደርሱ ግን ገና አንድ ሙሉ ዙር ይቀራል። ቆጠራው ተሳስቷል! ምን ይደረግ፣ እንደገና ሩጫቸውን ቀጠሉ። መሐመድ ከድር በአሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ሲወጣ የቡድኑ ድል የኢትዮጵያ ሆነ። በዓመቱ ሮም ላይ መሐመድ በግልም አሸነፈ። የቡድኑን ዋንጫማ እስከ 1985 ድረስ የነካባቸው አልነበረም።

በዚያ ቀን ለትልልቆቹ ወንዶች የነበረው ውድድር አንድ ብቻ ነው። አጭር፣ ረጅም፣ ድብልቅ የሚባል ምርጫ የለም፤ ዙሩ የጠፋበትም ሌላ ቦታ ሄዶ የሚካስበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ከአትሌቲክስ እስከ ብስክሌት፣ ከመዋኛ እስከ ስኪ፣ የስፖርት ሰዎች ተሰብስበው የሚነታረኩበት ጉዳይ ይኸው ነው፦ አንድ ስፖርት ስንት ዓይነት ሻምፒዮና ቢኖረው ይበቃዋል?

ክርክሩ እርቃኑን የሚታየው ኦሪየንቲሪንግ በሚባለው ስፖርት ውስጥ ነው። ተወዳዳሪው ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ በማያውቀው ጫካ ውስጥ የተተከሉ ምልክቶችን በቅደም ተከተል እያገኘ ይሮጣል። እግሩ ፈጥኖ አእምሮው ከዘገየ ጠፋ ማለት ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1966 ፊንላንድ ውስጥ ሲካሄድ የግልና የዱላ ቅብብል ውድድር ብቻ ነበረው። በ1991 አጭር ርቀት ተጨመረ። በ2001 በከተማና በመናፈሻ የሚሮጠው የፍጥነት ውድድር መጣ፤ በ2014 ሴትና ወንድ የሚቀባበሉበት፣ በ2022 ደግሞ እየተጣጣሉ የሚያልፉበት ተከተሉ። ድግሱ ሲበዛ አዳራሹ ጠበበና ከ2019 ጀምሮ የጫካውንና የከተማውን ሻምፒዮና መለያየት ተጀመረ። ስዊድን የሌሊት ብሔራዊ ሻምፒዮና ጭምር አላት፤ በግንባር መብራት ጨለማ ውስጥ ይሮጣል። ይህን ሁሉ የሚቃወሙት የሚሉት አጭር ነው፦ ሻምፒዮኑ ከበዛ ሻምፒዮን የሚለው ቃል ይረክሳል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ከሩቅ አገር የመጣ ጭንቀት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ግን አይደለም።

በ1998 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭር ርቀት የሚባል 4 ኪሎ ሜትር ጨመረ። ወንዶች በአንዱ ቀን 4፣ በሌላው 12 ኪሎ ሜትር፤ ሴቶች 4 እና 8 ገደማ። ሐሳቡ ለሁለት ዓይነት እግር ሁለት በር መክፈት ነበር፤ የ1,500 ሜትር ሰው በአንዱ፣ የ10,000 ሜትር ሰው በሌላው እንዲገባ። ከዚያ ቀነኒሳ በቀለ መጣ። ከ2002 እስከ 2006፣ ከደብሊን እስከ ፉኩኦካ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱንም ወሰደ። አስር ወርቅ! ጥሩነሽ ዲባባም በ2005 ሴንት ኤቲየን ላይ ሁለቱን ጠቅልላ ወጣች። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለቱንም በር በርግዶ የሚያልፍ ከሆነ ሁለት በር ለምን አስፈለገ? ከ2006 በኋላ አጭሩ ርቀት ቀረ፤ ሻምፒዮናውም ወደ አንድ ቀን ተመለሰ።

ክርክሩ የተዘጋ ይመስላል፤ የሴቶቹን የመጨረሻ አጭር ርቀት ማን እንዳሸነፈች እስኪታይ ድረስ። ገለቴ ቡርቃ ናት። የ1,500 ሜትር ፍጥነት ያላት ልጅ፣ ጥሩነሽ ረጅሙን በወሰደችበት ሻምፒዮና ላይ፣ በራሷ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በር የሚለካው በግዙፉ ሰው አይደለም፤ ግዙፉማ በየትም ይገባል። ቀነኒሳ ሁለቱን መውሰዱ ስለ ቀነኒሳ ብዙ ይናገራል፤ ስለ 4 ኪሎ ሜትሩ ግን እምብዛም። አጭሩ ሲቀር ጃንሜዳ ላይ ለብሔራዊ ቡድን የሚታገለው ወጣት ምርጫው ጠበበ፦ ወይ ርቀቱን ይጨምራል፣ ወይ ሣሩን ትቶ መም ላይ ይቀራል።

የበር መከፈት ምን እንደሚያመጣ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቃለች። የሴቶች 10,000 ሜትር ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1988 ሴኡል ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለሴቶች ከ3,000 ሜትር ቀጥሎ ያለው ርቀት ማራቶን ነበር፤ በመካከሉ ባዶ። ከሴኡል አራት ዓመት ቆይቶ ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 25ቱን ዙር ዞራ ወርቁን አነሳች። በሴኡል ዋዜማ አንድ ኮሚቴ «ርቀት በዛ» ብሎ ቢያሳድረው ኖሮ የባርሴሎናው ሌሊት ሌላ ሌሊት በሆነ ነበር። አዲሱ ድብልቅ ዱላ ቅብብልም በ2017 ካምፓላ ላይ ሲጀመር ቀልድ ያስመሰሉት ነበሩ፤ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት በየተራ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት ብር፣ በ2019 ኦርሁስ ላይ ወርቅ ወሰደችበት፤ ያ ሳር የለበሰውን የሙዚየም ጣሪያ ሽቅብ የሚያስሮጠው ውድድር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «እንግዲያው ይብዛ» ማለት ይቀላል። ጉዳዩ ግን ዋጃ ላይ ሆነው ሲያዩት ሌላ መልክ አለው።

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በራያ ቆላ ሜዳ መካከል ያለች ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ በስተ ምዕራብ ደጋው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አላማጣ ላይ የሚጀምረው የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ተጓዡን ወደ ኮረም፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ያወጣዋል። በአንድ ሰዓት መኪና ሁለት የአየር ንብረት ማለት ነው። የአገሪቱ አትሌቲክስ ግን ለአሥርት ዓመታት የደጋ ልጅ ሆኖ ኖሯል፤ ጃንሜዳ፣ እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ በቆጂ። ብሔራዊው ሻምፒዮና እንደ ሐዋሳ ወዳለ ዝቅ ያለ ቦታ ሲወርድ እንኳ እንደ እንግዳ ነው የሚታየው።

ደጋው ስለ ሰጠው ማማት ነውር ነው። ሆኖም የሚሮጥበት ዓለም ደጋ ብቻ አይደለም። በ2007 ሞምባሳ ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ አልቀመስም ያለው ቀነኒሳ ራሱ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። በ2019 ዶሃ ላይ የሴቶቹ ማራቶን ሙቀቱን ሽሽት በእኩለ ሌሊት ቢጀመርም ከ68ቱ ሯጮች 28ቱ አልጨረሱም፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነዚያ መካከል ነበሩ።

ከዚያ ሰበታ መጣ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ቡድን መምረጫ እንዲሆን በ2021 ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተዘጋጀ። ሹራ ቂጣታ ከወንዶች፣ ትዕግስት ግርማ ከሴቶች አሸነፉ። ቀነኒሳ ማጣሪያውን ሳይሮጥ ቀረ፤ ቅሬታውንም በአደባባይ ተናገረ፤ አገሩም ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። የክርክሩ ሙቀት ሁሉ ያረፈው ግን ማን ይመረጥ በሚለው ላይ ነው። ምን ዓይነት ውድድር ይምረጥ የሚለው ብዙም አልተነሳም። 35 ኪሎ ሜትር ማራቶን አይደለም፤ ከባዶቹ ሰባት ኪሎ ሜትሮች ይጎድሉታል። ሰበታ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ የኦሊምፒኩ ማራቶን የተሮጠባት ሳፖሮ ደግሞ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፤ በነሐሴ ያ ሁሉ ሽሽት ከቶኪዮ ወደ ሰሜን ቢደረግም ሙቀቱ አልቀረም። ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ወንዶች ውድድሩን አልጨረሱም። ከሴቶች ሮዛ ደረጀ አራተኛ ወጣች።

ሁሉን በሙቀት ማሳበብ አይቻልም። ሳፖሮ ላይ ካቋረጡት አንዱ ሌሊሳ ዴሲሳ ነው፤ ያ ሌሊሳ ከሁለት ዓመት በፊት በዶሃው ሙቀት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ሞስነት ገረመው ከኋላው ብር ያነሳበት። ጉዳት አለ፣ ዝግጅት አለ፣ ዕለት አለ። ቢሆንም ማጣሪያ ማለት ወንፊት ነው፤ ወንፊቱ የሚያሳልፈው በቀዳዳው ልክ ነው።

የቆቦና የዋጃ ገበሬ ይህን በማሽላው ያውቀዋል። እነ ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉት የአገሬው ዘሮች በሚያዝያ ይዘራሉ፤ ቁመታቸው ረጅም፣ አገዳቸው ለከብት ለቤት የሚበቃ፣ ግን ለመድረስ ብዙ ወር የሚጠይቁ ናቸው። የበልጉ ዝናብ ከከዳ መሬቱ ተገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይበተናል፤ ሐምሌ ከገባ ጤፍ ይሆናል። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ቆላ ፈጥነው የሚደርሱ ማሽላዎችን ሲያወጣ ኖሯል፤ ገበሬው ግን ጅጉርቲውን አልጣለም። በጎተራው ሦስት አራት ዓይነት ዘር አለ፤ አሥር ግን የለም። ለአሥር የሚሆን መሬትም ጉልበትም ከየት ይመጣል?

አገር አቋራጩም እንዲሁ ቢታይ ምን ይላል? የሻምፒዮንነቱ ዘውድ ጥቂት ይሁን፦ አንድ ረጅም፣ አንድ ድብልቅ ቅብብል፣ ተመልሶ ቢመጣ ደግ የሚሆን አንድ አጭር። ለእያንዳንዱ ዘውድ ክለቦቹ፣ መቻልም ሆነ ንግድ ባንክ፣ ደመወዝ የሚከፍሉበት ምክንያት አላቸው፤ ዘውዱ ሲበዛ ደመወዙ ይሳሳል፤ ለገጠር ልጅ ደግሞ የክለብ ደመወዝ ማለት የቤተሰብ እንጀራ ነው። ማጣሪያው ግን ዓይነቱ ይብዛ። ለሞቃት ከተማ ቡድን የሚመረጥ ከሆነ በሞቃት ቦታ ይመረጥ። ሌላው ይቅርና በመንገድ ወጪ እንኳ የራያ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከሚታይ መራጩ አንድ ጊዜ ቆላ ቢወርድ ይረክሳል።

የዋጃ ሜዳ ለዚህ ብዙ ዝግጅት አይፈልግም። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ከኅዳር ጀምሮ ማሳው ክፍት ነው፤ የተቆረጠው አገዳ ጉቶ እግር ያስነሳል፣ ከምዕራብ የሚወርደው ጎርፍ የተዘረጋበት አሸዋ እርምጃ ይይዛል፣ ገበሬው ጎርፍ ጠልፎ ማሳ የሚያጠጣባቸው ቦዮች ያዘልላሉ። ኦሪየንቲሪንግ የሚወዱ ፈረንጆች ቢመጡ ይቸገሩ ነበር፤ ጎርፉ በየክረምቱ መንገዱን ስለሚቀይር የዓምናው ካርታ ዘንድሮ ያሳስታል። ለአገር አቋራጭ ግን ካርታ አያስፈልግም። ገመድ፣ ካስማ፣ ውኃ የጫነ አህያ፣ ረፋድ ላይ እስኪጋል መጠበቅ፣ ከዚያ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ የሚዞር ሜዳ። ለመጨረሻው ዙር ቆርቆሮ የሚመታ አንድ ልጅ ይበቃል፣ መቁጠር የሚችል ከሆነ።