«የሁለት ሰው» ድንኳን

የካምፒንግ ድንኳን ሊገዛ ወይም ሊከራይ የሄደ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው። «የ2 ሰው»፣ «የ3 ሰው»፣ «የ4 ሰው» ይላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን እንደ ሚኒባስ ታክሲ ወንበር ነው። የኋላው ወንበር ለሦስት ሰው መሠራቱን ረዳቱም ተሳፋሪውም ያውቃሉ፤ «ጠጋ ጠጋ በሉለት» ሲባል ግን አራተኛውም ሰው ይቀመጣል። ድንኳን ሠሪዎቹም የሚቆጥሩት በጀርባቸው የተኙ፣ ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይገላበጡ፣ ጫማና ሻንጣ የሚባል ነገር የሌላቸውን ሰዎች ነው።

ለአንድ ሰው የሚመድቡለት ወርድ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ይኸውም አንዲት ጠባብ የስፖንጅ ፍራሽ የምትይዘው ቦታ ነው። የሁለት ሰው የተባለው ድንኳን ወለሉ ብዙውን ጊዜ ከ1.30 እስከ 1.50 ሜትር ይሰፋል፤ ርዝመቱ 2.10 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በእኛ ቤት ቋንቋ «ሜትር ከሃያ» አልጋ ላይ ጥቂት ጣት ተጨመረበት ማለት ነው። ባልና ሚስት ይስማሙበት ይሆናል፤ ሁለት ጓደኛሞች ግን በሦስተኛው ሌሊት ሊኮራረፉበት ይችላሉ።

ለዚህም ነው ብዙ ሌሊት ሜዳ ያደሩ ሰዎች ምክራቸው አጭር የሆነው፤ የሚተኙትን ቁጠር፣ አንድ ጨምርበት ይላሉ። ሁለት ከሆናችሁ የሦስት ሰው፣ ሦስት ከሆናችሁ የአራት ሰው ውሰዱ። ያ የተጨመረው «ሰው» ሻንጣው፣ ጫማው፣ ጃኬቱና የውኃ ኮዳው ነው። ምክሩ መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ወደ ሰሜን ተራሮች ለመውጣት ስንሰናዳ የገጠመኝ ጥያቄ ግን በመደመር ብቻ የሚፈታ አልሆነም። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ ራሳችን ድንኳን ጥቂት ልበል፤ ጥያቄው የመጣው ከዚያ ነውና።

* * *

እኛ ድንኳን የምንለካው በሚያድርበት ሰው ሳይሆን በሚመጣው ሰው ነው። ለሠርግ ሲተከል የሚታሰበው የተጠራው ብቻ አይደለም። ሳይጠራ ለሚመጣው ሰው እንኳ «ድንኳን ሰባሪ» የሚል ስም አውጥተንለታል፤ ስም የወጣለት ደግሞ ቦታም አያጣም። ለቅሶ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። እናታችን በ2009 ዓ.ም. ስታርፍ የዕድሩ ሰዎች ወንበርና ድንኳን ሊያመጡ ሲነሡ የጠየቁን አንድ ነገር ነበር፤ «ትልቁን ነው ትንሹን?» አባቴ ዝም አለ። እኔና እህቴም የምንለው አልነበረንም። አንድ የጎረቤት አዛውንት «ትልቁን ትከሉ እንጂ! የሷ ለቀስተኛ በትንሹ ሊበቃው ነው?» ብለው ጨረሱት። ትልቁ ተተከለ፤ ሞላም። ከሦስት ቀን በኋላ ሲነቀል ግቢው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ይህ ልማድ ዛሬ የመጣ አይደለም። ነገሥታቱ በአንድ ቦታ ሳይረጉ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ራሱ ድንኳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፎታል፤ የንጉሡ ድንኳን በመካከል፣ የሌላው በየማዕረጉና በየቦታው ነው። «ከተማ» የምንለው ቃል እንኳ «ከተመ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሰፈረ ማለት ነው። የማዕረግ ስሞቻችንም የሰፈሩን ካርታ ተሸክመው ቀርተዋል። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ፣ ደጃዝማች በደጅ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውኃ አጠገብ ካሰፈሩት ሰፈር በ1879 ዓ.ም. የተነሣች ናት። ታቦት እንኳ በጥር 10 ለከተራ ሲወጣ የሚያድረው በድንኳን ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ አገር የመጣ ሰው «ትንሽ ድንኳን ይሻላል» ሲባል ቢቀፈው አይፈረድበትም። ትንሽ ድንኳን ለእኛ ሰው የሌለው ሰው ድንኳን ነው።

* * *

ተራራው ግን ይህን ክብር አያውቅም። የሳንቃበር ማደሪያ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር አካባቢ። በበጋ ቀኑን ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ሌሊቱን ግን ብርዱ እስከ ዜሮና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ጓሳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ድንኳን ደግሞ እንደ ቤት አይሞቅም። ሸራው ነፋስ ይከለክላል፣ ዝናብ ይመልሳል እንጂ ሙቀት አያመነጭም። በውስጡ ያለው ብቸኛ ምድጃ የተኛው ሰው ገላ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ስድስት ሰው በሚይዝ ድንኳን ቢያድር ሁለት ፍም አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በዚያ ላይ ቆመው የሚለብሱበት ከፍተኛ ድንኳን በገደል አፋፍ ለሚነፍሰው ነፋስ ደረቱን ይሰጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሸራው ሲማታ ያድራል። በተራራ ላይ ተቀምጠው ራስ የማይነካ ከሆነ ከፍታው በቂ ነው።

በጣም ሲጠብም የራሱ ጣጣ አለው። የተኛ ሰው ትንፋሽ እርጥበት ነው። ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ግድግዳው ያልባል። ስሊፒንግ ባጉ ሸራውን የነካ ሰው ጠዋት እግሩ ረጥቦ ይነሣል። ስለዚህ ርዝመቱ ከወርዱ ያላነሰ ቁም ነገር ነው። ረጅም ሰው ድንኳኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስዘርግቶ፣ ገብቶበት፣ ከራስጌም ከግርጌም አንድ አንድ ስንዝር መትረፉን ሳያይ ገንዘብ መክፈል የለበትም። ብርድ ነው ተብሎም የአየር ማስገቢያው መዘጋት የለበትም።

ሦስተኛው ነገር መሬቱ ነው። ድንኳን የሚይዘው ወለሉን ብቻ አይደለም፤ አውታሩ ተወጥሮ ካስማው እስኪመታ ድረስ በየጎኑ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በተራራ ላይ ደግሞ ለጥ ያለ፣ ድንጋይ የሌለው መሬት በልክ ነው። ለሁለት ትንንሽ ድንኳን ቦታ በሚገኝበት ስፍራ ለአንድ ትልቅ ላይገኝ ይችላል። አራተኛው የሚሸከመው ማነው የሚለው ነው። በራስ ጀርባ ከሆነ እያንዳንዱ ኪሎ ዳገቱ ላይ ይቆጠራል። በሰሜን ግን ዕቃው በበቅሎ ስለሚጫን የሁለት ኪሎ ልዩነት ጉልበት አይሰብርም።

* * *

የምንሄደው ሦስት ነበርን፤ አባቴ፣ ታናሽ እህቴና እኔ። አባቴ በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ በዚያ አገር አልፏል። ሊማሊሞን በጭነት መኪና ወጥቶ ወርዶታል፤ ወደ ተራሮቹ ግን ወጥቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ፣ ይልቁንም እናታችን ከሞተች ወዲህ ከቤት መውጣት ጠልቶ ነበርና «እንሂድ» ስንለው እሺ ማለቱ ራሱ ገርሞናል።

አከራዩ ሁለት ምርጫ አቀረበልን። አንደኛው ሁለት ድንኳን ነው፤ አንድ የሁለት ሰው ለእኔና ለእህቴ፣ አንድ ሌላ ለአባታችን ለብቻው። ሁለተኛው አንድ የአራት ሰው ድንኳን ነው፤ ወርዱ 2.40፣ ርዝመቱ 2.10 ሜትር። ለየመጀመሪያው የሚነገርለት ብዙ ነበር። አባት ነው፣ ይከበር። ያንኮራፋል። ሌሊት ይነሣል። ልጅ ከአባቱ ጎን ተጋድሞ እግሩን ሲዘረጋም ደስ አይልም። እህቴ ደግሞ ልብስ የምትቀይርበት ነገር አሳስቧታል። ለሁለተኛው የሚነገርለት ሒሳብ ብቻ ነበር፤ ለሦስት ሰው በ60 ሳንቲ ሜትር 1.80 ይሆናል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ለሻንጣ ይተርፋል፣ ሦስት ገላም ከሁለትና ከአንድ ይልቅ ይሞቃል።

አባቴ የዘረጋነውን ሸራ እየዞረ ካየ በኋላ፣ «እኔ ምን አጥፍቼ ነው ለብቻዬ የምታስተኙኝ?» አለ።

ሲቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። ለሁለት ዓመት ያህል በዚያ ቤት፣ በዚያ አልጋ ላይ ለብቻው ሲተኛ የነበረ ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኛ ክብር ያልነው ለእሱ ሌላ ነገር ነበር። የአራት ሰውን ተከራየን።

ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ አስጎብኚና ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይዘን ወጣን። ሳንቃበር ላይ ድንኳኑን ስንተክል አባቴ ካስማ አመታቴን አይቶ መዶሻውን ተቀበለኝ፤ ካስማ ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ ውጭ አጋድሎ እንደሚመታ ከማንም በላይ ያውቃል። ተተክሎ ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ «ቤት ለእንቦሳ!» እያለ ገባ፤ እህቴ ከውስጥ «እንቦሳ እሰሩ!» አለችው። ማን የት ይተኛ ሲባል ሙቀቱ መሐል ስለሆነ መሐሉን ሰጠነው። አሻፈረኝ አለ፤ ወታደር በር ላይ ነው የሚተኛው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እህቴ «ደጃዝማች» ትለዋለች።

በግጭ ያደርንበት ሌሊት ብርዱ የባሰ ነበር። በሦስታችንም ላይ ቡሉኮ ደርበን፣ ፋኖሱን አጥፍተን፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ዝም ብለን ተጋድመን ሳለ አባቴ ከበሩ በኩል፣ «እናታችሁ አንድ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አድራለች» አለ። በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ወደ ጦር ሰፈሩ መጣች። ጓደኞቹ ለሙሽራ ክብር ብለው ስድስት ሆነው የሚተኙበትን ድንኳን ለሁለቱ ለቀቁላቸው። «ብርድ ሊገድለን ነበር» አለ አባቴ። «ስድስት ሰው ሲያሞቀው የነበረ ቤት ለሁለት! ሌሊቱ ሲጋመስ እናታችሁ ምን አለችኝ? ‹ይህን ሁሉ ቤት ምን እናደርገዋለን? ሂድና ልጆቹን ጥራቸው።›»

«ጠራሃቸው?» አለች እህቴ።

«ጠራኋቸው። መጡ። እሷን ከኔና ከግድግዳው መሐል አስተኝተን፣ ሰባት ሆነን አደርን።»

ከቀብሯ ወዲህ ስለ እሷ ሲያወራ የሰማነው ያን ሌሊት ነው። እህቴ በጨለማው ውስጥ ስትስቅ፣ ከዚያም ሳቋ ሲለወጥ ሰማኋት። አባቴም ሰምቷል፤ ከበር ወደ ውስጥ ትንሽ ጠጋ አለ። በሁለት ድንኳን ብንሆን ይህን ታሪክ ማንም ለማንም አይነግርም ነበር። ሸራ ስስ ነው፤ ነገር ግን ሰው በሁለት ሸራ አሻግሮ እንዲህ ያለውን ነገር አያወራም።

* * *

ድንኳን ልትመርጡ የምትወጡ ከሆነ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ከሱቁ በፊት ቤታችሁ ወለል ላይ ልኩን በጠመኔ አስምሩና ሁላችሁም ተጋደሙበት፤ ሻንጣችሁንም አስገቡ። ሌሊት የሚነሣው ማን እንደሆነ አስቡና በር በኩል አስተኙት፤ አለበለዚያ ሁለት በር ያለው ድንኳን ፈልጉ። ወደ ብርድ አገር ከሆነ ከምትፈልጉት አንድ ሰው ብቻ የሚያሰፋ ይሁን እንጂ አዳራሽ አትከራዩ፤ ወደ ቆላ ከሆነ ግን ሙቀቱ ጠላት ነውና ሰፋ ብትሉ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት ያለውን ብትመርጡ አትጎዱም። የሚሸከመው ጀርባችሁ ከሆነ ከስፋቱ በፊት ክብደቱን ጠይቁ።

አባት ወይም እናት ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ለእነሱ ብላችሁ አትወስኑ። ሸራውን ፊታቸው ዘርጉና የት መተኛት እንደሚሹ ጠይቋቸው። መልሱ እስኪመጣም ታገሡ።