የእኅቴ የሙቀት ቆጣሪ

የአዲስ አበባ ሰው ብርድ ሲሰማው ጋቢውን ይደርባል፤ ቢብስበትም ከሰል ያቀጣጥላል። በቤቱ የሙቀት ቆጣሪ ተተክሎለት በየዓመቱ ሒሳብ የሚከፍል ሰው መኖሩን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት በ2025 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኅዳር ወር፣ የሦስት ወር የአስተማሪዎች ትምህርት ለመከታተል ወደ ጀርመን አገር ሄጄ ፍራንክፈርት ከታላቅ እኅቴ ቤት ባረፍሁ ጊዜ ነው።

አንድ ማታ እኅቴ ወፍራም ፖስታ ይዛ እየሣቀች ገባች። የ2024 የማሞቂያ ሒሳብ ነው። ከቀድሞው ማነሱ ብቻ ሳይሆን የሚመለስላትም ገንዘብ አለ።

«አየህ፣ ቁጠባ ማለት ይህ ነው» አለችኝ።

እኔ ግን ልጆቿ በካናቴራ ብቻ ሲሯሯጡ እያየሁ፣ ቁጠባው ከየት እንደ መጣ ግራ ገባኝ። የፊዚክስ አስተማሪ መሆን አንዳንድ ጊዜ ለዘመድ ሸክም ነው። ተነሥቼ ቆጣሪው ያለበትን የመታጠቢያ ቤት ሣጥን ከፈትሁ።

የመሣሪያው አሠራር ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ እንኳ የሚከብድ አይደለም። በቧንቧው ውስጥ ያለች ትንሽ ተሽከርካሪ የሚያልፈውን ውሃ ትቆጥራለች፤ አንድ የሙቀት መለኪያ በሚገባው፣ ሌላው በሚመለሰው ውሃ ላይ ተቀምጧል፤ ትንሹ የሒሳብ ማሽን የሁለቱን ልዩነት ከውሃው መጠን ጋር ያባዛል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፣ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 23 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ለቤቱ ትቶ ይሄዳል። ነገር ግን ተሽከርካሪዋ ለዘላለም አልተሠራችም። ዝገትና ደለል ይይዛታል፣ ዘንጓ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ውሃው እያለፈ እርሷ ወደ ኋላ ትቀራለች።

ስለዚህ የጀርመን ሕግ ለእንዲህ ያለው ቆጣሪ የአገልግሎት ጊዜ ወስኖለታል። ቀድሞ 5 ዓመት ነበር፤ ከኅዳር 2021 ጀምሮ ግን 6 ዓመት ሆኗል። ቁጥሩም የሚጀምረው ቆጣሪው ለገበያ ከቀረበበት ዓመት መጨረሻ ነው። ጊዜው ሲያልፍ እንደ ገና ተፈትኖ ማኅተም ይደረግበታል፤ ወይም ይለወጣል። ፈተናው ከአዲስ ቆጣሪ ዋጋ ስለሚበልጥ አብዛኛውን ጊዜ ይለወጣል። በራዲያተር ላይ የሚለጠፈውን ትንሽ ሣጥን ግን ይህ ሕግ አይመለከተውም፤ እርሱ ድርሻ ያከፋፍላል እንጂ ሙቀቱን በኪሎዋት ሰዓት አይለካምና።

በእኅቴ ቆጣሪ ላይ «ኤም» ከሚባለው የላቲን ፊደል አጠገብ 17 ተጽፏል። እንግዲህ ጊዜው በ2023 መጨረሻ አልፏል፤ በ2024 የለካውም ለሒሳብ መዋል አይገባውም ነበር ማለት ነው። በ2015 ሥራ ላይ የዋለው የመለኪያ ሕግ ይህን ይከለክላል፤ ቅጣቱም እስከ 50,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል።

ጊዜው ያለፈበት ቆጣሪ ሲባል ተከራዩ የተበደለ ይመስለናል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የሕንፃው የማሞቂያ ወጪ አንድ ነው፤ ከመቶ ከ50 የማያንሰው፣ ከ70 የማይበልጠው በየቤቱ ቆጣሪ ንባብ ይከፋፈላል። የእኅቴ ተሽከርካሪ ሳትቆጥር ያሳለፈችውን ታዲያ የሚከፍለው ማነው? ጎረቤት ነው። ከላይ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት፣ በቤታቸው ውስጥ ካፖርት እየለበሱ ሳሉ ሒሳባቸው እንደ ጨመረ በደረጃው ላይ ነግረውን ነበር።

ይህን ለእኅቴ ነገርኋት። ባልነገርኋት ይሻል ነበር ያልሁበት ጊዜም አለ።

«እኔ ቆጣሪ አልነካሁ፣ አልሰረቅሁ» አለችኝ። «ደግሞስ መዘግየቷን በምን አወቅህ? እኔ በዚህ አገር ስንት ጊዜ ተበልጬ ዝም ስል፣ ማን ነው ተቆርቁሮ ደብዳቤ የጻፈልኝ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በእርግጥም ቆጣሪዋን አልፈተንኋትም፤ የያዝሁት ግምት ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ «እንደምን አደርህ» ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም።

እሑድ ቡና ስታፈላ አሮጊቷን ጠራቻቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ፤ ከተቀመጡ በኋላ ግን «እናንተ ቤት እንዴት ደስ ይላል» ብለው አወለቁትና በጉልበታቸው ላይ አጠፉት። እኅቴ ስኒውን ስትሰጣቸው ካፖርቱን አየች፤ እኔንም አየችኝ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣችና፣ «በል አንተ አስተማሪ፣ ዓመቱን አስላልኝ፤ ጀርመንኛውን እኔ እጽፈዋለሁ» አለችኝ።

አከራዩ ስሕተቱን አመነ፤ የእርሷ ድርሻ በቀደሙት ዓመታት ፍጆታ ተገምቶ የሁሉም ሒሳብ እንደ ገና እንደሚሠራ ጻፈላት። የሚመለስላት ገንዘብ ቀረ ማለት ነው። እኔ ከመመለሴ በፊት አንድ ሠራተኛ መጥቶ 25 የተጻፈበት አዲስ ቆጣሪ ተከለ። በመጀመሪያው ሳምንት አሮጌው በበፊቱ ሳምንት ከቆጠረው በግልጽ የበለጠ ቆጠረ፤ ብርዱ ግን ያው ነበር።

እኅቴ አሁን ማታ ማታ የመታጠቢያ ቤቱን ሣጥን ሳትከፍት አትተኛም። ባለፈው ሰሞን በስልክ፣ «ይኸኛው ደግሞ ሲሮጥ ለጉድ ነው!» አለችኝ፤ ወዲያውም ወደ ልጆቿ ዞራ ሹራባቸውን እንዲለብሱ ስትጮኽ ሰማሁ።