የእግር ውኃ

በመንዝ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም ነበር። ይህን ያወቅሁት በ1989 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን፣ ከባለቤቴ ጋር በተጋባን በሦስተኛው ወር ነው። አማቴ ጉልበታቸውን አሟቸው ሠርጋችን ላይ አልተገኙም ነበርና፣ «እማዬን ሳታያት አገባሁ አትበል» ብላ ባለቤቴ አገሯ ይዛኝ ወጣች።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ አደርን። በማግስቱ በአይሱዙ፣ ከጨው ጆንያና ከቤት ክዳን ቆርቆሮ ጋር ተጭነን ጣርማ በር ደረስን። መኪናው ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ አቧራውን እያቦነነ ወጣ። ጓሳ ላይ ስንወርድ ረፋድ አምስት ሰዓት ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ሃይኪንግ የሚባል ቃል ያን ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። ዘመድ ጥየቃ ነበር የምንሄደው።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ተራራ ሲባል የማውቀው እንጦጦን ነው። ጓሳ ደግሞ ዝቅ ያለው ቦታ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ዐሥር እርምጃ ስሄድ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ባለቤቴ ልብሳችንን በነጠላ ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አስራ፣ በሸራ ጫማ ከፊቴ ትሄዳለች። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ነፋስ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር ይተኛና መልሶ ይነሣል። በመካከሉ ጅብራ እንደ ዘበኛ ቆሟል። «ይሄ ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል» አለችኝ። በስተምሥራቅ ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በዚህ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በዚያ በኩል የወረደው በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየለቀሙ ይበላሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል።

አንድ ቀይ ቀበሮ ከፊታችን አቋርጦ ቆመ። ከዚያ በፊት በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። «ቆይ እንጂ፣ እንየው» አልኳት። እሷ አልቆመችም።

«ነገም አለ። እማዬ ግን ከጠዋት ጀምራ በር ላይ ናት።»

ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ ያዘን። ታላቅ ወንድሟ መንገድ ላይ ተቀበለን፤ ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ አምጥቶልን ነበር። ገሳው ከበደኝ፤ ውስጡ ግን ደረቅና ሞቃት ነበር፣ ሽታውም እንደ ገብስ ነዶ። መንደሩ ስንደርስ አማቴ እውነትም በር ላይ ነበሩ። ሳሙን፣ አለቀሱ፣ አስገቡን። ከዚያ ገበቴ አቀረቡና ጎንበስ አሉ።

እጄን ዘርግቼ ልከለክላቸው ሞከርኩ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ እግሬ ሥር!

«ይቀመጡ ልጄ፤ መንገዱ የእኔ ነው» አሉኝ። እኔን ለማየት ያመጣዎት መንገድ ድካሙን የማወጣልዎት እኔ ነኝ ማለታቸው ነው፤ ባለቤቴ ናት በኋላ ያስረዳችኝ። ውኃው ለብ ያለ ነው። አውራ ጣታቸው ተረከዜን ከኋላ ወደ ፊት እየገፋ ያሻል። ውኃ የቋጠረው ቦታ ሲደርሱ ለዘብ አደረጉ፤ አድርቀው ቅቤ ቀቡት። ሲጨርሱ እንደ ደንቡ እግሬን ሳሙ። ከዚያ በኋላ ነው የገብስ እንጀራው የቀረበው።

ማታ እሳት ዳር ባና ለብሰን ተቀመጥን። ጣሪያው በሙሉ የጓሳ ሣር ነው፤ ጭስ አጥቁሮታል። የባለቤቴ አጎት ጓሳው ይጠበቅበት ስለነበረው ሥርዓት፣ ስለ ቄሮ፣ ያጫወቱኝ ያን ሌሊት ነው። የአገሩ አቅኚዎች አስቦና ጌራ ናቸው ይባላል፤ የእነሱ ተወላጆች ጓሳውን በጋራ ይዘው፣ አለቃ መርጠው፣ ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተነግሮ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ለክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው ያጭድ ነበር። ሳይከፈት ያጨደ ቅጣቱ ከባድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን የአገሬው ሰው ተሰብስቦ ጥበቃውን በኮሚቴ መለሰው። ሦስት ቀን ሰንብተን በአራተኛው ተመለስን። የተለመደው መሰናበት ግማሽ ቀን ፈጀ።

ያ መንገድ የተራራ ፍቅር አሳደረብን። ሥራችን ሲረጋጋ፣ ልጆቻችን ሲያድጉ፣ እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ መሄድ ጀመርን። ሰሜን ተራሮች ሄደን ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ አድረናል። ባሌ ላይ የሳነቴን ብርድ ቀምሰናል። ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ጃኬት፣ ምርኩዝ ገዛን። በየመንገዱ ዘመድ አለን፤ እሱንም አንረሳም እንል ነበር። ጎንደር ያለችው አክስቴ ቤት ምሳ እየበላን ሰዓታችንን እናያለን፣ ሳይመሽ ደባርቅ መድረስ አለብንና። ሮቤ ያለችውን እህቴን አንድ ዓመት ደውለን ዋናው መንገድ ላይ አስጠብቀናት፣ መኪናው ሞተሩ እንደተነሣ ወርደን ስመናት ሄደናል። የቋጠረችልንን ዳቦ ሳነቴ ላይ በላነው። ያኔ ተራራው ወደ ዘመድ መሄጃ ነበር፤ በእኛ ዘመን ዘመድ የተራራው መሄጃ ሆነ። መቼ እንደተገለበጠ ቀኑን አላውቀውም።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ጓሳ ሄድን። በማኅበረሰቡ ሎጅ ሁለት ሌሊት አደርን። ከንጋት ጀምረን ጨረንፌ ቁጥቋጦው መሐል አድፍጠን ቀይ ቀበሮ አየን፤ አይጥ ሲያድን ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ አንድ እግሩን አንሥቶ ሲጠብቅ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 እንደማይሞሉ አንብቤ ነበርና ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው ያየሁት። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም አልክደውም። አማቴ ቤት ግን የደረስነው በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የሣሩ ጣሪያ በቆርቆሮ ተለውጧል። እሳቸው በር ላይ ናቸው፤ በምርኩዝ። መጥተናል ብለን ከሎጁ ስለደወልን ከትናንት ጀምረው ይጠብቁን ነበር። ገብተን እንደተቀመጥን፣ «ውኃ ጥጃለሁ፤ ጫማችሁን አውልቁ» አሉ።

ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የታሰረ ነው፤ ለመፍታትና ለማሰር ጊዜ ይወስዳል። «እማማ፣ ዛሬስ ይቅርብን፤ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሳይወርድ ማለፍ አለብን» አልኩ። ባለቤቴ ዝም አለች። አማቴ ጎንበስ ብለው ጫማዬን አዩ፤ በጣታቸውም ነካ አደረጉት።

«ጎሽ፤ እንዲህ ያለው እግር አያደክም» አሉ።

አቦል ጠጣን። ቶናው ሳይደርስ ተነሣን። ስንወጣ ውኃው ምድጃው ላይ እንደተጣደ ነበር፤ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

ከዚያ ጉዞ 240 ፎቶግራፍ ይዘን ተመልሰናል። ቀይ ቀበሮው ያለባቸው 30 ይሆናሉ። አማቴ ያሉበት አንድ ነው፤ እሱም ላይ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረዋል።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ዐረፉ። ለቀብር ስንሄድ ጓሳን ያቋረጥነው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ባለቤቴ አንድም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አላየችም።

ታላቅ ወንድሟ ዛሬም እዚያው ቤት ይኖራል። መንገዱ ሰላም ሲሆን እንሄዳለን። መጀመሪያ እሱ ቤት ነው የምናድረው፤ ቀይ ቀበሮውን በማግስቱ እናያለን።