«ኢትዮጵያ ላይ ነበር የምወርደው»

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። በዚህ ሰፈር ተማሪ መምህሩን በስሙ አይጠራም፤ «ሚስተር» ብሎ ይገላገላል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ሚስተር፣ አንተ አፍሪካዊ አይደለህም እንዴ? የእኛን ታሪክ አንተ እንዴት ልታስተምረን ነው?» አለኝ። (እንግሊዝኛው «አንቱ» ስለሌለው እንዳለ ጻፍኩት እንጂ ልጁ ባለጌ አልነበረም።) ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የምመልሰው ግን አልነበረኝም።

እኔ የማውቀው ሜክሲኮ አንድ ብቻ ነበር። ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ብሎ ሲጮህ ሮጬ የምሳፈርበት፣ አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ። አደባባዩ ለምን እንዲህ እንደተባለ በተማርኩበት ዘመን ሁሉ የነገረኝ አስተማሪ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጥፋቴን ልናዘዝ። ሜይ 5 ሲደርስ እንደ ልማዱ ልጆቹ ሰፋፊ የወረቀት ባርኔጣ አጠለቁ፣ ምሳ ቤቱ ታኮ አቀረበ፣ ሙዚቃው ተለቀቀ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እንኳን ለሜክሲኮ የነፃነት በዓል አደረሳችሁ» አልኳቸው። አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ሚስተር፣ እሱ ሴፕቴምበር 16 ነው» አለች። ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ ዶሎሬስ በምትባለው መንደር ሕዝቡን በስፔን አገዛዝ ላይ ያስነሣው በ1810 ዓ.ም. በዚያ ቀን ነው (ዘመናቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ፈረንጅ መጥቶ ለልጆቻችን «ዓድዋ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችሁበት ቀን ነው» ቢል ምን እንደምንለው አሰብኩ።

ቅዳሜውን ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። ሜይ 5 የ1862ቱ የፑዌብላ ጦርነት ቀን ነው። ሜክሲኮ የውጭ ዕዳዋን ለጊዜው አልከፍልም ብትል የናፖሊዮን ሦስተኛ ጦር ዘመተባት። በዚያን ጊዜ አቻ የለውም ይባል የነበረውን ያን ጦር ጄኔራል ሳራጎሳ ፑዌብላ ላይ መለሰው። ሳነበው ደሜ ሞቀ፤ ይህማ ዓድዋ ነው አልኩ። ሰኞ ጠዋት ስለ ዓድዋም ስለ ፑዌብላም እየተንጎራደድኩ አስተማርኩ። ያችው ልጅ «ከዚያስ?» አለችኝ።

ከዚያማ ፈረንሣዮቹ በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ጦር ይዘው ተመለሱ፤ ፑዌብላንም ዋና ከተማውንም ያዙ። በ1864 ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ መስፍን አምጥተው ንጉሠ ነገሥት ብለው አስቀመጡ። ፕሬዚዳንቱ ቤኒቶ ሁዋሬስ መንግሥቱን በሠረገላ ይዞ ወደ ሰሜን እየሸሸ እስከ አሜሪካ ድንበር ደረሰ፣ ከአገሩ ግን አልወጣም። በ1867 ማክሲሚሊያን ኬሬታሮ ላይ ተረሸነ። ስለዚህ ነገሩ ከዓድዋ ይልቅ የሚመስለው የአምስቱን ዓመት አርበኝነት ነው። (ይህን ስጽፍ «ንጉሡ በ1936 መውጣት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም» የሚለው የድሮ ክርክራችን እንዳይነሣብኝ እፈራለሁ። እባካችሁ ለቡና ሰዓት አቆዩት።)

ከዚህ በኋላ ባርኔጣውን ትቼ ካርታ ሰቀልኩ። የ1847ቱን የሜክሲኮ ካርታ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1848፣ ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ በተፈራረመችው ውል ከግዛቷ ግማሽ የሚሆነውን ለአሜሪካ አስረከበች። ካሊፎርኒያ ከዚያ ውስጥ ነች፤ እኛ የተቀመጥንበት ክፍልም እንደዚሁ። «ወደ አገርህ ሂድ» የሚለው ስድብ መንገድ ላይ ያልደረሰበት ተማሪ በክፍሌ ጥቂት ነው። ያን ዕለት ደውል ተደውሎም የተነሣ አልነበረም።

አንድ ቀን ደግሞ በርበሬ በብልቃጥ ይዤ ገባሁ። አሽትተው አስነጠሱ። ቃሪያም ሆነ በርበሬ ዘሩ የመጣው ከእነሱ አያቶች ምድር እንደሆነ ስነግራቸው እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ያለ ሜክሲኮ ዶሮ ወጥ ምን ይመስል እንደነበር እስቲ አስቡት። በቆሎም ከዚያው ነው፤ አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ያሉት ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ ስላወቁ መሆን አለበት። በሜክሲኮ ባንዲራ ላይ ንስሩ የቆመበት ቁልቋል፣ በክረምት የአዲግራት ልጆች የሚሸጡት የበለስ ዘመድ ነው። ቲማቲም፣ ቸኮላታ፣ አቮካዶ የምንላቸውም ቃላት መነሻቸው ናዋትል የተባለው የአዝቴኮች ቋንቋ ነው።

ነገሩን ሁሉ የለወጠው ግን አንድ የወላጆች ምሽት ነው። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ አያቱን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ከዋሃካ ተራሮች የመጡ የሚክስቴክ ሰው ናቸው። በስፓኒሽ ይናገራሉ፣ ልጁ ያስተረጉማል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «ኢትዮጵያን አውቃታለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ኢትዮጵያ ላይ ነበር የምወርደው» አሉ።

ልጁ የተሳሳተ መሰለኝ፤ አልተሳሳተም። በወጣትነታቸው ሜክሲኮ ሲቲ፣ ናርቫርቴ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። የምድር ውስጥ ባቡሩ እዚያ ሲደርስ የሚቆምበት ጣቢያ፣ በ1980 የተከፈተው፣ ስሙ ኢትዮጵያ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ማንበብ የማይችልም ሰው እንዲለየው የራሱ ሥዕል አለው፤ የኢትዮጵያ ጣቢያ ሥዕል የአንበሳ ራስ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠሩም። ያስቀጠረቻቸው ዘመድ «አንበሳውን ስታዪ ውረጂ» ብላ ነገረቻቸው። ለምን ኢትዮጵያ እንደተባለ የነገራቸው ግን የለም።

እሳቸው ኢትዮጵያ ላይ ሲወርዱ፣ እኔ ሜክሲኮ ላይ ስወርድ፣ ሁለታችንም ሳናውቅ። ፈልጌ አገኘሁት። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ሜክሲኮ ጄኔቫ ላይ ከኛ ጎን ቆመች። ታላላቆቹ መንግሥታት አንድ በአንድ ለሙሶሊኒ ወረራ ዕውቅና ሲሰጡ፣ እስከ መጨረሻው እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ እሷ ነበረች። ጃንሆይ በ1954 ሜክሲኮን ጎበኙ፤ የሁለቱ ከተሞች አደባባዮች ስም የዚያ ወዳጅነት ምልክት ነው። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲውጥም ስለተቃወመች ቪየና ውስጥ በስሟ አደባባይ አላት። መልአክ ናት አልልም። በዚያው ዓመት ነዳጇን የራሷ አድርጋ እንግሊዝና አሜሪካ አንገዛም ሲሏት፣ ለጀርመንና ለጣሊያን ሸጣለች። ይህንንም ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ የወዳጅን ታሪክ ጉድለቱን ደብቆ ማስተማር አልወድም።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። አያትየው ሲሰናበቱ ለልጁ በሚክስቴክ አንድ ነገር አሉት። መሬት መሬት እያየ «ሚስተር፣ ቋንቋ አይደለም እኮ፣ የገጠር አነጋገር ነው፤ እኔ አልችለውም» አለኝ። ሁዋሬስ ዛፖቴክ እንደነበረ፣ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ስፓኒሽ እንደማያውቅ፣ በማግስቱ ለክፍሉ ሁሉ ነገርኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም በአንደበተ ርቱዕነቴ ረክቼ ቤቴ ገባሁ፤ ሴት ልጄን «እንዴት ዋልሽ?» ስላት እንደ ሁልጊዜው በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።

ለዓመቱ መጨረሻ ልጁ የሁለቱን አደባባዮች ሥዕል ሠራ። የሜክሲኮ ሲቲውን ስም በላቲን ጻፈና የአዲስ አበባውን በኛ ፊደል ልጻፍ አለኝ። ጻፍኩለት፤ አራቷን ፊደል ደጋግሞ ገለበጣት፣ ድምፃቸውንም ጠየቀኝ። «ሚስተር፣ እዚያ አደባባይ ላይ ምን አለ?» አለ። በኔ ጊዜ ታክሲ ነው አልኩት። ከ2015 ጀምሮ ቀላል ባቡርም ይቆምበታል፤ ጣቢያው ሜክሲኮ ነው የሚባለው። እሷንም ሣላት።

ልጄ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስለምትማር ማታ ማታ ክፍሌ መጥታ ትጠብቀኛለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አየችው። ጠጋ ብላ «ሜ… ክ…» አለችና ቆመች። ወንበር ሲያነሣ የነበረው ያ ልጅ ዞር ብሎ «ሲ» አላት።