በእግር የተሰመረ ወሰን

በ1997 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አዝመራው ተወቅቶ እንዳለቀ፣ የመሬት ኮሚቴዎቹ ገመድና መዝገብ ይዘው ጎጃም ወደሚገኘው ጎጣችን መጡ። ይዞታ እየተመዘገበ አረንጓዴ ደብተር የሚታደልበት ዘመን ነበር። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የገመዱን ጫፍ አስያዙኝ።

ደብተሩ ካርታ አልነበረውም። የባልና የሚስት ፎቶ፣ የማሳው ስፋት፣ ከዚያ በአራቱ ማዕዘን የአዋሳኞች ስም፤ ይኸው ነው። ስለዚህ ወሰንተኛው ቆሞ «አዎ፣ እስከዚህ ነው» ካላለ ጸሐፊው አይጽፍም። በታችኛው ማሳችን የምንዋሰናቸው ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ እትዬ እንላቸዋለን።

«አልልም» አሉ እትዬ። «በ89ኙ የመሬት ሽግሽግ ስረከብ በመካከላችን ሁለት ክንድ ሣር ነበር። ዛሬ የታለ?»

እውነታቸውን ነበር። ድንበር በአንድ ሌሊት አይገፋም፤ በየዓመቱ አንድ ትልም ነው። ማረሻው የሣሩን ጫፍ ይልሳል፣ በከርሞው ያ ጫፍ ማሳ ሆኖ ይገኛል። እትዬ በሬ ስለሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጡ ነበር፤ እኩል አራሽ ደግሞ ስለ ሰው ድንበር ምን ብሎ ይሟገታል? እኔ ከበሬዎቹ ኋላ ጓል እየከሰከስኩ ሁሉንም አይቻለሁ። አባቴ ነውና ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ዛሬም ያመኛል።

የጎጡ ሽማግሌዎች ክርክሩን አላስረዘሙትም። ትልቁ ወደ አባቴ ዞረው፣ «አንተው በእግርህ አስምርልን» አሉት። «አምላክህን እያየህ ሂድ፤ ገመዱ ይከተልሃል።»

አባቴ ጫማውን አወለቀ። ከላይ ካለው እሬት ተነሥቶ፣ ማረሻው በደረሰበት ጠርዝ ላይ መራመድ ጀመረ። እኔ ገመዱን ይዤ ከኋላው ነኝ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆየ። የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ እኛ ማሳ ሁለት እርምጃ ገባና ቁልቁል ወረደ።

የተነፈሰ ሰው አልነበረም። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ሽማግሌው «የላይኛው ግማሽስ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «እሱ ለልጆቹ ይሁን፤ እንደረገጠው ይቅር» አሉ። ድንጋይ ተለቅሞ እርምጃው ባለፈበት ተተከለ።

ዓመታት አልፈው ሁለተኛው ምዝገባ መጣ። በዚህኛው የአየር ፎቶ ተዘርግቶ ማሳዎቹ በላዩ ተሰመሩበት። አባቴ አርፎ ስለነበር ካርታውን ከእናቴ ጋር ሄጄ ተቀበልኩ። በሦስቱ ጎን መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በእትዬ በኩል ያለው ግን መሐል ላይ ይሰበርና ወደ እኛ ይገባል።