ርብራቡን ማን አሰረው?

በአንድ የክረምት ዕረፍት አምስት ተማሪዎች ሆነን፣ የሰፈራችን ሕዝብ አዋጥቶ ያሠራ የነበረውን ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት የሕንፃ ኮሚቴ በጸሐፊነት አገዝን። ሁላችንም ታሪክና ቋንቋ የምናጠና ነን፤ ከአርማታና ከፌሮ፣ ከባሬላና ከካሳፎርማ ጋር የተዋወቅነው እዚያው ነው።

ተቋራጩ ሥራውን ያሸነፈው በዝቅተኛ ዋጋ ነበር። ዋጋው ከምን ላይ እንደተቀነሰ ያየነው ርብራቡ ላይ ነው። የባሕር ዛፉ አጣና በላላ ገመድና በአንዳንድ ሚስማር ተያይዟል፤ ሰያፍ ማጠንከሪያ የለው፣ የእጅ መደገፊያ የለው። በዚያ ላይ ሴቶች በነጠላ ጫማ ባሬላ ተሸክመው ይወጣሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር አያሰጋም?» አልነው።

«ኧረ ልጆች፣ ስንቱን ፎቅ በዚሁ አቁሜያለሁ!»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል ብንለው፣ «በውሉ ላይ የታለ?» አለን። ከእኛ በፊት የተፈረመውን ውል ገለጥነው። የሲሚንቶው ኩንታል፣ የፌሮው ውፍረት፣ የቀለሙ ዓይነት ሳይቀር ሰፍሯል፤ ስለ ርብራብና ስለ ቆብ ግን አንዲት መስመር የለችም። ሕግ ውል አይጠብቅም። ዋጋ ያልተቆረጠለት ነገር ግን ተቋራጭ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሥራው ይቁም ስንል መጀመሪያ የተቃወመችን ከባሬላ ተሸካሚዎቹ አንዷ ናት። «የዛሬን ማን ይከፍለኛል?» አለች። እውነቷን ነው፤ የቆመ ሥራ ለእሷ የቆመ እንጀራ ነው።

ኮሚቴው እስኪመሽ ተከራከረ። «ልጆቼ፣ የድኻ መዋጮ እኮ ነው!» አሉ አንድ አባት። በመጨረሻ ለርብራብ፣ ለቆብና ለጫማ ራሱን የቻለ ሒሳብ ተቆረጠ፤ ያ ሳይሟላ ቀጣዩ ክፍያ እንዳይወጣ፣ ሥራ ለቆመበት ቀንም የቀን ሠራተኛው እንዲከፈለው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ገንዘቡ የመጣው ከአጥሩ ነው። ግቢው ያለ አጥር ቀረ፤ እስከ ዛሬ የሚያሙን አሉ።

ይሙን። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ፣ በመሠራት ላይ በነበረ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አጥር ቆይቶም ይታጠራል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ «ፊደል ቆጥራችኋልና ቃለ ጉባኤ ያዙልን» መባላችሁ አይቀርም። «የሕዝብ ሥራ» ሲባል ሁሉም ባለቤት ይሆንና ተጠያቂው ይጠፋል። ስለዚህ ውሉ ሳይፈረም አንብቡት፤ ርብራቡን የሚያስረው ማን እንደሆነ፣ በስንት ብር እንደሚያስረውም አስጽፉ።