ላስቲኩ ዓሣ በጣና ዳር

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ዓባይ የሚወጣው ከዚያ ነው። እኔ ባሕር ዳር የሄድኩት በጥር ወር ነበር። ጠዋት የደንገል ታንኳዎች ውኃው ላይ ነበሩ።

ዳር ላይ አንድ ወጣት ያጠምዳል። መንጠቆው ላይ ትል የለም። ለስላሳ የላስቲክ ዓሣ ነው ያለው! ርዝመቱ ጣት ያህላል። ጭራው ስስ ነው፤ ሲጎተት ይወዛወዛል። ራሱ ላይ እርሳስ አለበት፤ ስለዚህ ይሰጥማል።

«ጋሼ፣ ይሞክሩት» አለኝ። ወረወርኩ። ቶሎ ቶሎ ጎተትኩ። ምንም የለም።

«እንዲያ አይደለም ጋሼ። መጀመሪያ ይስጠም። ቀስ ብለው ይሳቡት። ከዚያ ተወት ያድርጉት። ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲወርድ ነው።»

ከነጭ ዓሣ ወገን ትናንሽ ዓሣ የሚበሉ አሉ። ላስቲኩ የሚያታልለው እነሱን ነው። ቀረሶ ግን ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ነው። ላስቲኩን ዞር ብሎም አያየው።

በሦስተኛው ውርወራ መንጠቆውን የደንገል ሥር ያዘው። ክሩን ልበጥስ ስል ልጁ እጄን ያዘኝ።

«ላስቲክ አይበሰብስም ጋሼ። ዓሣ ቢውጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል። እኛ የምንኖረው በዚህ ዓሣ ነው።»

ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ገባ። ፈልጎ አወጣው። አፈርኩ።

ዓሣ ሳልይዝ ተመለስኩ። ምሳ ግን ዓሣ በላሁ፤ እሱ የያዘውን።